ለሞት ቅሬ አለን፤ ለሥራ ማጣትስ?

ከመርሳና ከወልድያ የሚደወልልኝ ስልክ ሰላምታው ረጅም ነው። የዝናቡ፣ የከብቱ፣ የጎረቤቱ ደኅንነት በየተራ ተጠይቆ ያበቃና ወደ ጉዳዩ ይገባል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ጉዳዩ እየተመሳሰለብኝ መጥቷል፤ «ሥራው ቆመ፤ ለመሆኑ ለእንዲህ ያለ ሰው በሕግ የሚገባው ነገር አለ ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂው አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሌላ ጊዜ አብሮ አደጌ ነው፤ አንዳንዴም ሀብሩ ገጠር የምትኖረው አክስቴ ናት። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ሁሉ መንግሥትን በቅርብ ያውቀዋል ተብሎ ስለሚታመን መልስ ይጠበቅብኛል።

አጭሩ መልስ «የለም» የሚል ነው። በኢትዮጵያ አንድ ሰው ሥራ በማጣቱ ብቻ፣ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ የለም። ረጅሙ መልስ ግን «እንደ ሁኔታው» ይላል። ሰውየው እንዴት ከሥራ እንደወጣ፣ ማን ቀጥሮት እንደነበር፣ ዕድሜውና ጤናው፣ የት እንደሚኖርና ምን ያህል እንደደኸየ ተጠይቆ ነው መልሱ የሚገኘው። እኔ ነገሩን በሦስት በሮች መስዬ አየዋለሁ። የመጀመሪያው በር ጠባቂ «እንዴት ወጣህ?» ይላል፤ የሁለተኛው «ዕድሜህና ጤናህስ?» ይላል፤ የሦስተኛው «ምን ያህል ደኸየህ? የማን መዝገብ ላይስ አለህ?» ይላል። «ሥራ አጥተሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ በር ግን የለም። አንባብያን ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው።

እንዴት ወጣህ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ ስንብት ክፍያ» የሚለው ነገር፣ በአገራችን ለሥራ አጥነት ድጎማ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው ነው። ከፋዩ መንግሥት ሳይሆን አሠሪው ነው፤ የሚከፈለውም በየወሩ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ውሉ የተቋረጠው ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል።

ማን ነው ይህን የሚያገኘው? የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ድርጅቱ በመክሰሩ ወይም በሌላ ምክንያት የተዘጋበት፣ ከሕግ ውጭ የተሰናበተ፣ በቅነሳ የወጣ፣ የአካል ጉዳት ደርሶበት መሥራት አለመቻሉ በሐኪሞች ቦርድ የተረጋገጠ ሠራተኛ ያገኛል። አሠሪው ለጤናው ወይም ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ተነግሮት እርምጃ ባለመውሰዱ ሥራውን የተወም ያገኛል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ መልካም ነገር ጨምሯል፤ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ደርሶባት ሥራዋን የለቀቀች ሴት «በገዛ ፈቃዷ ሄደች» ተብላ ባዶ እጇን እንዳትቀር በዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ተጠቅሳለች። ያለ እንዲህ ያለ ምክንያት በፈቃዱ የሚለቅ ሰው ግን፣ ቢያንስ 5 ዓመት ካላገለገለ በቀር፣ የሚጠብቀው ነገር የለም።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ ፍትሐዊ ይመስላል። አሁን ወደ ታናሽ ወንድሜ ልምጣ። ወንድሜ በአንድ ተቋራጭ ሥር ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ ረዳት ሆኖ ገብቶ ግንበኛ ሆኖ ወጥቷል። ለስሌት እንዲመች ደመወዙን በወር 6,000 ብር እናድርገው። ድርጅቱ ተዘግቶ ወይም ሠራተኛ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ሁለት ዓመታት 4,000፣ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ 12,000፣ በድምሩ 22,000 ብር ይገባው ነበር። ነገር ግን ውሉ ላይ የሠፈረው «ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ» የሚል ነበርና ሥራው ሲያልቅ ውሉም አብሮ አለቀ። የስንብት ክፍያ የሚያስገኙ ምክንያቶችን ከላይ እስከ ታች ቆጥሬ አንብቤያለሁ፤ ለተወሰነ ሥራ የተገባ ውል ሥራው በማለቁ መቋረጡ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያው ሰው፣ ያው ሦስት ዓመት፣ ያው ላብ፤ በአንዱ ምክንያት 22,000፣ በሌላው ምንም።

ይህ የወንድሜ የግል ዕድል ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። በእኛ አካባቢ ቋሚ ቅጥር ማግኘት ብርቅ ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሲገነባ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም ሲሠራ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣው የባቡር መሥመር ሲቆፈር፣ ሰሜን ወሎ የፕሮጀክት ሥራ ምን እንደሚመስል አይቷል። ፕሮጀክት ይመጣል፤ ያልቃል ወይም ይቆማል። እንዲህ ባለ አካባቢ ሰው ሥራ የሚያጣበት ዋናው መንገድ የውል ማለቅ ነው። ሕጉ ግን ሥራ ማጣትን በመሠረቱ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለ የሒሳብ ማወራረድ አድርጎ ስለሚያየው፣ ማንም ያልበደለውን ሰው ካሳም አያውቅለትም።

ጦርነት ሲመጣስ?

ሌላ ሁኔታ እንይ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች፤ መርሳም አብራት ነበረች። መሥሪያ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ፤ ሆቴሉ ተዘጋ፤ አልጋ የምታነጥፈው፣ ምግብ የምታቀርበው፣ ዘበኛው ሁሉ ተበተኑ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አጡ ወይስ አላጡም?

በሕጉ አነጋገር መጀመሪያ «ታገዱ» ነው የሚባለው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የድርጅቱ ሥራ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ከቆመ፣ ከሥራ ውል የሚመነጩ መብትና ግዴታዎች ለጊዜው ይታገዳሉ። ደመወዝ አይከፈልም፤ ውሉ ግን አልሞተም። አሠሪው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በ3 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራው እንደማይጀምር ከታመነ ውሉ ይቋረጥና ሠራተኛው የስንብት ክፍያ ይገባዋል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያን ወቅት ማን ለማን ያሳውቅ? አሠሪው ራሱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ተሰዶ፣ ሆቴሉ ፍራሹ ሳይቀር ተወስዶ ሳለ፣ የ22 ዓመቷ አስተናጋጅ የስንብት ክፍያዋን ከየት ታመጣለች?

እዚህ ላይ የስንብት ክፍያ ትልቁ ድካም ይገለጣል። ክፍያው የተንጠለጠለው በአንድ አሠሪ ኪስ ላይ ነው። ሠራተኛው ክፍያውን አጥብቆ የሚፈልገው ከተማው ሁሉ ሲወድቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አሠሪውም አብሮ ወድቋል። በዚህ ላይ ጊዜ ይሮጣል። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚነሣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር። ፍርድ ቤት በተዘጋበት፣ ስልክ በተቋረጠበት አገር 6 ወር እንደ አንድ ሳምንት ያልፋል። ወልድያ ከዚያ ገና አገግማ ሳትጨርስ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በክልሉ ሌላ ግጭት ተከተለ፤ መንገድ መዘጋትና የባንክ አገልግሎት መቋረጥ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ።

ዕድሜህና ጤናህስ?

ሁለተኛው በር ጡረታ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ ዐቅድ አላቸው፤ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያዋጣሉ። ገንዘቡ የሚመለከተው ዕርጅናን፣ የጤና ጉድለትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና ሞትን ነው። ሥራ ማጣት ከእነዚህ መካከል የለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1952 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው 102ኛው ስምምነት የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎችን ዘጠኝ አድርጎ ሲቆጥር፣ ከዘጠኙ አንዱ የሥራ አጥነት ክፍያ ነበር። እኛ ከዘጠኙ ዕርጅናን፣ ጉዳትንና ሞትን ይዘን ይህንን ወደ ጎን ትተነዋል።

ስለዚህ በዚህ በር የ30 ዓመት ጤነኛ ሰው አይገባም። እጁ ሙሉ፣ እግሩ ሙሉ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ለጡረታ ድርጅት እንግዳ ፍጥረት ነው። በየወሩ ያዋጣውን ገንዘብ 60 ዓመት ሲሞላው እንዲጠይቅ ይነገረዋል። እስከዚያ የሚበላውን አይነገረውም።

ምን ያህል ደኸየህ? የማን መዝገብ ላይስ አለህ?

ሦስተኛው በር ሴፍቲኔት ነው፤ ስለ ሀብሩ ሲነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ። ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ሀብሩም ከተጠቃሚ ወረዳዎች አንዷ ናት። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1966ቱ ረሀብ ወሎ ያለ ድምፅ አለቀች፤ የዘውዱ መንግሥትም ያን ሸሽጎ ከዙፋኑ ወረደ። በ1977ቱ ደግሞ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየን። ከዚያ በኋላ የመጣው የ1986ቱ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ አንድ መርሕ ተከለ፤ አቅም ያለው ሰው እርዳታ በነጻ አይቀበልም፤ ሠርቶ ይቀበላል የሚል። ሴፍቲኔትም ከዚያ መርሕ የተወለደ ነው።

ፕሮግራሙ የተነሣበት የአሠራር ደንብ እንዲህ ይላል። በሦስት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ የሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተሰብ ይመዘገባል። መሥራት የሚችል ያለበት ቤት እርከን በመሥራት፣ መንገድ በመጥረግ፣ ኩሬ በመቆፈር ይሳተፋል፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። ሽማግሌ፣ ሕመምተኛና ሠራተኛ የሌለው ቤት «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ወደዚያ ትዛወራለች። ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። መልማዩ በማኅበረሰቡ የተመረጠ ኮሚቴ ነው፤ ቅሬታ ሰሚም አለ።

ይህ ፕሮግራም ሰው አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ጋራው ላይ ያለው እርከን ምስክር ነው። ነገር ግን አክስቴ በስልክ የነገረችኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ጥናት አስበልጣለሁ፤ «ስማችን ካለ እንሠራለን፤ ስማችን ከሌለ ሥራውም የለ» አለችኝ። ሥራውን የሚያስገኘው መዝገብ ላይ የሠፈረ ስም ነው። መዝገቡ ደግሞ ኮታ አለው። የእርሷ ሁለተኛ ልጅ አግብቶ ጎጆ ወጥቷል፤ ከአባቱ መሬት ተከፍሎ የሚደርሰው ነገር የለም፤ በሲሪንቃና በጊራና በኩል የቀን ሥራ ሲገኝ ይሄዳል፤ ካልተገኘ ይቀመጣል። በመዝገቡ ቋንቋ ግን ችግሩ «የምግብ ክፍተት» ተብሎ በሦስት ዓመት ካልተመሰከረ በቀር የለም። ሥራ አጥ ለመባል መጀመሪያ መራብ፣ ለዚያውም ደጋግሞ መራብ ይጠበቅበታል።

ከተማ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ግድም ሲጀመር በ11 ከተሞች ብቻ ነበር፤ ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች። በደሴና በወልድያ መካከል ያለው ልዩነት ለሥራ አጡ የአውቶቡስ መንገድ ብቻ ነው፤ በፕሮግራሙ ግን አንዱ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ሆኑ። በኋላ ሁለተኛው ምዕራፍ ከ80 በላይ ወደሆኑ ከተሞች ሰፍቷል። ያም ሆኖ መመዘኛው ድህነትና ነዋሪነት ነው። ሥራ ፍለጋ ከመርሳ ወደ ከተማ የመጣ ወጣት ለአዲሱ ቀበሌ እንግዳ ነው፤ ለሀብሩ ደግሞ የሄደ ሰው ነው። ሁለት መዝገብ ቤት ባለበት አገር አንድም መዝገብ ላይ የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዓረብ አገር ተመላሾቹ ነገር ነው። የሀብሩ ልጅ የሌለበት የሳዑዲ ከተማ አለ ለማለት ይከብዳል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲባረሩ፣ ብዙዎቹ በአንድ ሻንጣ ወደ ወሎ ተመለሱ። ለዓመታት ሠርተዋል፤ ላባቸው የሰው ቤት አጽድቷል፤ ገንዘባቸው የመርሳን ቤቶች ቆርቆሮ አልብሷል። ሳዑዲ በ2014 (እ.ኤ.አ.) «ሳነድ» የሚባል የሥራ አጥነት መድን ስታቋቁም ለዜጎቿ ብቻ አደረገችው። እዚህ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን የቤት ሠራተኞችን በሌላ ደንብ እስኪታዩ ብሎ ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል። በሁለቱም አገር ሠራተኛ ነበሩ፤ በሁለቱም አገር ሕግ ግን ሥራ አጥ ለመባል አልበቁም።

ሌላው ዓለም በምን ይለካል?

ያደጉት አገሮችም ለሁሉም አይከፍሉም፤ ይህን ማወቅ ለክርክራችን ይጠቅማል። በጀርመን ካለፉት 30 ወራት ቢያንስ 12ቱን መድን የከፈለ ሰው ከተጣራ ደመወዙ 60 በመቶ፣ ልጅ ካለው 67 በመቶ ያገኛል፤ ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ ከለቀቀ ግን እስከ 12 ሳምንት ክፍያው ይዘገይበታል። በአሜሪካ ከ1935ቱ ሕግ ጀምሮ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ደንብ አለው፤ ዋናው ነገር ሥራውን ያጣው ያለ ጥፋቱ መሆኑና ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ እየፈለገ መሆኑ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ የአጎቴ ልጅ አለ። ለዓመታት «የራሱ አሠሪ» ተብሎ ስለሚቆጠር ከዚህ መድን ውጭ ነበር። በ2020 ኮሮና መንገዱን ባዶ ሲያደርገው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በመጋቢት ወር ባወጣው ሕግ በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎችም ለጊዜው እንዲካተቱ ተደረገ፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በየሳምንቱ 600 ዶላር ተጨማሪ ይከፈል ነበር። ያ ልጅ በዚያ ገንዘብ የራሱን ቤት ኪራይ ከፍሎ ለመርሳም ላከ። የአሜሪካ መንግሥት ሳያውቀው ሀብሩ ያለች አንዲት ባልቴት ረዳ ማለት ነው። እኛ አገር በዚያው ሚያዝያ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ተከለከለ። መልካም አሳብ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ እንጂ ገንዘቡ ከመንግሥት አልመጣም።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። ደቡብ አፍሪካ ሠራተኛው 1 በመቶ፣ አሠሪው 1 በመቶ የሚያዋጡበት የሥራ አጥነት መድን አላት፤ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም የቤት ሠራተኞችን አካታለች። ሕንድ ደግሞ በ2005 ባወጣችው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ መጠየቅን መብት አድርጋ ነበር፤ ጠይቆ በ15 ቀን ውስጥ ሥራ ያልተሰጠው ሰው የሥራ አጥነት አበል እንዲከፈለው ሕጉ ደንግጎ ነበር። ከእኛ ሴፍቲኔት ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ሁለቱም እርከን ያሠራሉ። እዚያ ግን ሰውየው መንግሥትን «ሥራ ስጠኝ» ይላል፤ እዚህ ኮሚቴው ሰውየውን «አንተን መርጠንሃል» ይለዋል።

የእኛ ሕገ መንግሥትስ ምን ይላል? አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሥራ አጡን በተመለከተ ግን የሚለው፣ መንግሥት የሥራ ዕድል የሚፈጥር ፖሊሲ ይከተላል፤ ለዚህም ፕሮግራሞችንና የሕዝብ ሥራዎችን ያካሂዳል የሚል ነው። ይህ ቃል ባዶ አይደለም። የሕንዱን ዓይነት መብት ለመትከል በቂ መሬት ነው።

ቅሬው የሚያስተምረን

በወሎ እድር «ቅሬ» ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬ አለው፤ በብዙ ቦታም አንዱ የሌላውን ሬሳ ያነሣል። ቅሬ ሐዘን ሲደርስ ሟቹ ድሀ ነበር ወይስ ሀብታም ብሎ አይመረምርም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አለቀሳችሁ አይልም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሞት ደርሷል ወይ? መዋጮውስ ተከፍሏል? ሁለቱም ከተሟሉ ድንኳኑ ይተከላል። የተቀበለውም ሰው አንገቱን አይደፋም፤ የራሱን ነውና። ከአገራችን ሊቃውንት ማንም ስለ መድን ሳይጽፍ፣ የሀብሩ ገበሬ የመድንን ምሥጢር ያውቀው ነበር ማለት ነው። የእርዳታና የመድን ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እርዳታ ምን ያህል እንደደኸየህ እንድታሳይ ይጠይቃል፤ መድን የደረሰብህን ብቻ ይጠይቃል።

«አገሪቱ ድሀ ናት፤ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። የቅሬው ገንዘብስ ከየት መጣ? መድን ከአባላቱ ነው የሚመጣው። የጡረታ መዋጮ የሚሰበስብ ድርጅት፣ መዝገብና አሠራር አለ፤ ከሠራተኛውና ከአሠሪው ጥቂት ጨምሮ፣ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን መጀመር ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ አሠሪ ኪስ ላይ የተንጠለጠለውን የስንብት ክፍያ ከፊሉን ወደ ጋራ ቋት ማምጣት ይቻላል። ያን ጊዜ ወልድያ ላይ ሆቴል ሲዘረፍ፣ የሐዋሳውና የአዳማው ሠራተኛ መዋጮ ለወልድያዋ አስተናጋጅ ይደርሳል። ኮንትራቱ ያለቀበት ግንበኛም ማንንም ሳይከስስ ድርሻውን ይጠይቃል።

«ሰው ይሰንፋል» የሚሉም አሉ። እኛ ግን «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን፤ ሥራ መፍታት እንደ ነውር በሚታይበት አገር የሦስት ወር አበል ሰነፍ ያፈራል ብዬ አላምንም። የሚያፈራው ሌላ ነገር ነው። አንድ ወጣት ሥራ ባጣ በማግሥቱ የደላላ እጅ ይዞ ወደ ጅቡቲ በረሃ ከመውረዱ በፊት ሦስት ወር የሚያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል።

የከበደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ «አብዛኛው ሰው ደመወዝተኛ አይደለም፤ መድኑ ለጥቂቶች ይሆናል» የሚለው። እውነት ነው። መዋጮ የሚከፈልበት መድን የቀን ሠራተኛውንና የሊስትሮውን ልጅ ወዲያው አይደርስም። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል፤ ሴፍቲኔቱ ራሱ ጥያቄውን መለወጥ አለበት። «የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ከሆንክ ስንት ጊዜ ሆነህ? ስንት ጊዜስ ተራብክ?» ከማለት አስቀድሞ «መሥራት ትችላለህ? ሥራስ አጥተሃል?» ይበል። ሥራ ጠይቆ በተወሰነ ቀን ያላገኘ ሰው የሚጠይቀው መብት ይኑረው፤ መታወቂያውም ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ አብሮት ይሂድ።

ይህ እስኪሆን ግን ያለችውን መብት ማወቅ ይገባል። ከሥራ የወጣ ዘመድ ያላችሁ፣ እንዴት እንደወጣ በጽሑፍ እንዲይዝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውንና የደመወዝ ወረቀቱን እንዳይጥል፣ የ6 ወሯም ገደብ እንዳታመልጠው ንገሩት። ብዙ ሰው መብቱን ያጣው ሕጉ ስለከለከለው ሳይሆን «ለእንደኔ ያለ ምን አለ?» ብሎ በመተው ነው።

ወሎ ለረጅም ዘመን ስሟ ከስንዴ ጆንያ ጋር ተያይዞ ኖሯል። ልጆቿ ግን ተረጂ ሆነው አልተፈጠሩም፤ ግንበኛ፣ አስተናጋጅ፣ ሾፌር፣ የቤት ሠራተኛ፣ መምህር ናቸው። ሲሞቱ የሚያነሣቸው ቅሬ ራሳቸው ሠርተዋል። በሕይወት ሳሉ ሥራ ሲያጡ የሚያነሣቸውን ደግሞ መሥራት የአገር ሥራ ነው፤ አገር ማለትም ትልቅ ቅሬ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ቸር ይግጠመን።